የ45 ቀኗ ጫጩት ማደሪያ

ጫጩት እንዳይሏት ጸጉሯ ረግፎ ላባ አብቅላለች፤ ቄብ እንዳይሏት ገና ወራት ይቀሯታል። ገበያው ግን ስም አውጥቶላታል፦ «የ45 ቀን»። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ወግዲ በሚያወጣው መንገድ በካርቶን ተጭና የምትመጣ ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዕድሜ ላይ ናት።

ቁጥሩ እንዲያው የመጣ አይደለም። የአንድ ቀን ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ትፈልጋለች። ሙቀቱ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት፣ ላባዋ ሲሞላ፣ ከ20 ዲግሪ በታች ባልወረደ አየር ራሷን ትችላለች። የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባቶችም የሚሰጡት በእነዚሁ ሳምንታት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መቀሌ ላይ ሥራ የጀመረው ኢትዮ ቺክን የተከተለው መንገድ ይህንኑ ያሳያል፦ የአንድ ቀን ጫጩት ለአሳዳጊዎች ይሸጣል፣ አሳዳጊዎቹ አስከትበውና አሙቀው 45 ቀን ካቆዩ በኋላ ለገበሬው ያከፋፍላሉ። የኮምቦልቻው የዶሮ ብዜት ማዕከልም ለወሎ ገበሬ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ሲያደርስ የኖረ ተቋም ነው። በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ዶሮ በየጓሮው መግባቷ በርክቷል።

እንግዲህ ገዥው ካርቶኑን ይዞ ቤቱ ደረሰ። የት ያሳድራት?

ለአበሻ ዶሮ ጥያቄው ኖሮ አያውቅም። ታቅፋ የፈለፈለች እናት ልጆቿን በክንፏ ታሞቃለች፤ ይህን የሙቀት ሳጥንም ይሠራዋል። ሳጥን የማይሠራው ቀሪው ነው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ትጮሃለች፣ ትልልቆቹ ዶሮዎች ሲጠጓት ላባዋን ነፍታ ታባርራለች፣ ሲመሽ መሬት ላይ አቅፋቸው ቆይታ አንድ ቀን ወደ ቆጥ ትወጣለች፤ እነሱም ተንጠራርተው ይከተሏታል። ሁለት ወር ያህል ካስተማረች በኋላ በመንቆሯ ገፍታ ታሰናብታቸዋለች። በማሽን የተፈለፈለችው የ45 ቀን ግን ሙቀቱን እንጂ ትምህርቱን አላገኘችም። በሙቀት ሳጥኑና በትልልቆቹ ዶሮዎች ቤት መካከል የሚያሳድራት መሃከለኛ ቤት ይህን የእናትነት ሁለተኛ አጋማሽ የሚተካ ነው፤ ወጪው ከሁሉ አነስተኛ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱው ነው።

ዘልሎ ከትልልቆቹ ጋር የቀላቀላት ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ጥቃቱን ነው፦ መንቆርና ከመኖ ገንዳ መባረር። የማይታየው ይብሳል። ትልቋ ዶሮ ሳያማት የምትሸከመው ኮክሲዲያ የተባለ የአንጀት ተውሳክ ገና ላልተላመደችው ታዳጊ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይሆናል። የእንቁላል ጣይ መኖ ደግሞ ለቅርፊት ተብሎ ካልሲየም ስለሚበዛበት የታዳጊዋን ኩላሊት ይጎዳል።

ቤቱ ትልቅ መሆን የለበትም። በአንድ ካሬ ሜትር ከ8 እስከ 10 ታዳጊ ይበቃል፤ ለ20 ዶሮ ሁለት ካሬ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ በጭቃ ይመረጋል፣ ከዚያ በላይ ወንፊት ሽቦ ይወጠራል። ሽቦው ጠበብ ያለ ይሁን፤ ሸለምጥማጥ የሚሾልክበትን ቀዳዳ ያየ ሰው ዓይኑን አያምንም። ወለሉ ላይ ጭድ ይጎዘጎዛል። ጉዝጓዙ እየተገላበጠ መድረቅ አለበት፤ ኮክሲዲያ የሚስፋፋው በእርጥበት ነውና የውሃው ዕቃ ዙሪያ በየቀኑ መታየት ይኖርበታል። የቤቱ ማዕዘኖች በጭድ ቢሞሉ ወይም በካርቶን ክብ ቢደረጉ መልካም ነው። የበረዳቸው ወይም የደነገጡ ታዳጊዎች ማዕዘን ላይ ተደራርበው ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ፤ ጠዋት ሰውየው በሽታ ገባ ይላል።

ወግዲ አንድ ዓይነት አየር የለውም። ከደጋው ተነስቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነውና ላይኛው ያጠረው ሙቀት ሲሆን ታችኛው የሚፈልገው ነፋስና ጥላ ነው። ለደጋው የገለባ ሳጥን የሚባለው ዘዴ ይስማማል፦ በእንጨት ሳጥን ዙሪያውን ገለባ ይጠቀጠቃል፣ መሃሉ ባዶ ይተዋል፣ ከላይ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ይሸፈናል። ጫጩቶቹ የሚሞቁት በገዛ ገላቸው ነው፤ መብራት አይፈልግም። ታዳጊዎቹም ለመጀመሪያዎቹ ብርዳማ ሌሊቶች ይህን የመሰለ መጠለያ በቤቱ አንድ ጥግ ቢያገኙ አይከፋም። የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር መዝጋት ግን ጭስ አልባ ቢመስልም ይገድላል።

ቆጡ ከጉልበት በታች ይሁን፣ ለእያንዳንዷም ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይድረሳት። መጀመሪያ ላይ አይወጡም። ለጥቂት ምሽቶች እያነሱ ማስቀመጥ ነው፤ ሁለት ሦስቱ ከለመዱ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ወደ ዋናው ቤት የሚዛወሩት ከ16 እስከ 18 ሳምንት፣ የመጀመሪያው እንቁላል ሳይመጣ ነው። አስቀድሞ ለሁለት ሳምንት ያህል በሽቦ ተከልለው ከትልልቆቹ ጋር ይተያያሉ። ከዚያ በጨለማ፣ አንድ በአንድ ሳይሆን በቡድን፣ ቆጥ ላይ ይቀመጣሉ። ጠዋት መኖው በሁለት ገንዳ፣ በተራራቀ ቦታ ይቀርባል፤ የቤቱ ጉልቤ ዶሮ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልትጠብቅ አትችልም።