አይጥን ያለ ጭካኔ ከቤት ማስወጣት

አይጥ ሰው እህል ማከማቸት ከጀመረበት ከጥንት ዘመን አንሥቶ ከቤቱ ያልተለየች፥ ማንም ያልጠራት እንግዳ ናት። ሌሊት በጓዳ ኮሽታ ሲሰማ፥ በማግሥቱም የጤፉ ጆንያ ተቀድዶ ሲገኝ የቤቱ ሰው ሁሉ ይቈጣል። ቍጣው ያለ ምክንያት አይደለም። አይጥ የምታበላሸው ከምትበላው ይበልጣል፤ ሽንቷና ዓይነ ምድሯ እህሉን ይበክላል፤ በሽታም ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ በቍጣ የሚወሰድ እርምጃ ብዙ ጊዜ ግቡን ይስታል።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል ያገራችን ተረት። አጥፊው አንዱ፥ ተቀጪው ሌላው ሆነ ማለት ነው። የአይጥ መርዝም የሚያስከትለው ይህንኑ ነው። ከመርዞቹ ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ስለ ሆኑ፥ አይጧ ለጥቂት ቀናት እየተሠቃየች ትቈያለች እንጂ ወዲያው አትሞትም። በዚህ ጊዜ ድመት ወይም ጉጉት ብትበላት መርዙ ይተላለፍባታል። በየጥጉ የተበተነውንም መርዝ ሕፃን ልጅ አንሥቶ ሊቀምሰው ይችላል። ሙጫ የተቀባ ወጥመድ ደግሞ አይጧን አጣብቆ ለብዙ ሰዓታት ያሠቃያታል። ታዲያ ምን ይበጃል?

አስቀድሞ የአይጧን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የቤት አይጥ ክብደቷ ከ12 እስከ 30 ግራም ያህል ነው። ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ ቀዳዳ ሾልካ ልትገባ ትችላለች። ባብዛኛው የምትንቀሳቀሰው በሌሊት ነው፤ ገላጣ ቦታ ስለምትፈራም የግድግዳውን ሥር ተከትላ ትሄዳለች። የእርግዝናዋ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ሲሆን፥ በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች። ልጆቿም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለመራባት ይደርሳሉ። ስለዚህ ቀዳዳው ሳይደፈን አይጥ መያዝ በተሸነቈረ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

እንግዲህ ሥራው በቅደም ተከተል ይከናወን። በመጀመሪያ እህሉንና ዱቄቱን ክዳኑ በሚገጥም በርሜል ወይም ጣሳ ውስጥ አኑሩ፤ ፍርፋሪም መሬት ላይ እንዳያድር ጥረጉ። ቀጥሎ ከበሩ ሥር፥ የውሃ ቧንቧ በሚያልፍበትና ግድግዳው ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወደ ውጭ የሚያስወጡትን ቀዳዳዎች ፈልጉ። ጭቃ ብቻ ከሆነ አይጧ ስለምትቦረቡረው፥ በሲሚንቶ ወይም በሽቦ ወንፊት ድፈኑት።

በቤት ውስጥ የቀሩትን አይጦች ለመያዝ በር ያለው የሽቦ ወጥመድ ይጠቅማል። ይህ ካልተገኘ ጎኑ ለስላሳ የሆነ ጥልቅ ባልዲ ይበቃል። የባልዲውን ውስጠኛ አፍ ዘይት ቀቡት፤ ከታች ጥቂት ጭድና ተቈልቶ የተወቀጠ ለውዝ አድርጉበት፤ ውሃ ግን አትጨምሩበት። ባልዲውን ከግድግዳው አጠገብ አስቀምጣችሁ፥ ቀጭን ጣውላ ከወለሉ እስከ አፉ አስደግፉለት። አይጧ በጣውላው ወጥታ ትገባለች፤ መውጣት ግን ያቅታታል። ወጥመዱን ከመኝታ በፊትና ጎሕ ሲቀድ ተመልከቱ። የአይጥ ገላ ትንሽ ስለ ሆነ ብርድና ጥማት ቶሎ ይጐዳታል። ወጥመድ አጥምዶ መርሳት ከመርዙ የማይሻል ጭካኔ ነው።

የተያዘችውን አይጥ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ትናከሳለች። ወደማታውቀው ሩቅ ሜዳ የተጣለች አይጥ መጠለያና ምግብ ስለምታጣ በሕይወት የመቈየት ዕድሏ አነስተኛ ነው። ስለሆነም ሲመሻሽ ከቤታችሁ ብዙ ሳትርቁ፥ ከቍጥቋጦ ወይም ከድንጋይ ካብ ሥር ልቀቋት። ከጎረቤት ጎተራ አጠገብ መልቀቅ ግን ችግሩን ለሌላ ማሸከም ነው። በመጨረሻም ዓይነ ምድሯን ደረቁን አትጥረጉ፤ አቧራው በሽታ ሊያመጣ ይችላልና። በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ አርሳችሁ በጨርቅ ጥረጉት፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

ርኅራኄ ማለት ጓዳን ለአይጥ መልቀቅ አይደለም። አይጧ የመጣችው እህሉ ተከፍቶ፥ ቀዳዳውም ሳይደፈን ስላገኘች ነው። ዳዋውን ከመምታት ይልቅ በሩን መዝጋት እህልንም ያድናል፤ ሰውንም ካላስፈላጊ ጭካኔ ይጠብቃል።

መልመጃ

ሀ. ተረቱ ከአይጥ መርዝ ጋር ያለውን ግንኙነት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
ለ. «ይሁን እንጂ»፥ «ስለዚህ» እና «ስለሆነም» በምንባቡ ውስጥ የትኞቹን ሐሳቦች እንዳያያዙ አመልክቱ።
ሐ. በቤታችሁ የሚሠራ አንድ ሥራ መርጣችሁ፥ አሠራሩን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።