በተማሪ ሳጥን የቀረ ኮሌጅ

በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ አስተማሪዎቹም ከዚያ ያነሱ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ኮሌጁን እንዲያደራጁ አደራ የሰጡት ለካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ለዶክተር ሉሲየን ማት ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ጋር የደረሰው መከራ ከአገሩ ትዝታ ስላልወጣ፣ ማትና አብረዋቸው የሚያስተምሩት ካህናት የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ኮት ለብሰው ነበር የሚያስተምሩት። ይህን የሚነግረን መተዳደሪያ ደንቡ አይደለም። የነገሩን የኖሩበት ሰዎች ናቸው።

የኮሌጅ ታሪክ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሬጅስትራር ስምና ውጤት ይይዛል፤ የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ይይዛል። መምህሩ ክፍል ውስጥ የተናገረውን፣ ተማሪው ማታ በመኝታ ክፍል የተከራከረበትን፣ ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ከእጅ ወደ እጅ የዞረውን ወረቀት ግን የሚይዝ ቢሮ የለም። አገሪቱን ወዲያና ወዲህ ያናወጠው ደግሞ በአብዛኛው ይህኛው ነው።

የኮሌጅ ቀንን እንውሰድ። በየዓመቱ በሚከበረው በዚህ በዓል ተማሪዎች የግጥም ውድድር ያደርጉ ነበር፤ ጃንሆይም ተገኝተው ያዳምጡ ነበር። የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከሸፈ ጥቂት ወራት እንዳለፈ፣ በ1953 ዓ.ም.፣ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ያነበበው በዚህ መድረክ ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የተተኮሰው ጥይት ገና ከሰው ጆሮ አልጠፋም። የግጥሙን ቃል ዛሬም ማንበብ እንችላለን። አንባቢው የት ላይ ድምፁን እንዳነሳ፣ አዳራሹ የት ላይ እንዳጨበጨበና የት ላይ ጸጥ እንዳለ ግን ከታተመ ገጽ አይገኝም። ግጥም ለጆሮ በሚጻፍበት አገር ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ ለእኔ የነገሩ ግማሽ ነው።

ወረቀቱም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። የተማሪ ጋዜጦችና በራሪ ጽሑፎች በስቴንስል ነበር የሚባዙት። በሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ታይፒስቷ ያለ ቀለም ትመታለች፤ ፊደሉ ሰሙን ይቀደዋል፤ ማባዣ መኪናው ሲዞር ቀለሙ በቀዳዳው ያልፋል። «ዐ» እና «መ» ቀለም ሞልቷቸው ይደፈናሉ። ወረቀቱ ከርካሹ ዓይነት ስለሆነ ቢጫ ይሆናል፤ የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጎ ጥግ ጥጉን ይበላዋል፤ አራት ቦታ የታጠፈው ገጽ በማጠፊያው ላይ መስመር ይዞ ይበጠሳል። ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የወጣው ይህን በመሰለ የተማሪዎች ጋዜጣ፣ በ«ስትራግል» ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ፖለቲካ በጥቂት ገጾች ላይ ሲጨቃጨቅ ኖሯል፤ ከተጨቃጨቀው መካከል ዋናውን ገጽ በዓይኑ ያየው ምን ያህሉ ነው?

ኮሌጁ መዝግቦ ለማቆየት ጨርሶ አልሰነፈም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ከተማሪዎች ጋር የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው፣ ወጣቶቹ የየአገራቸውን ሠርግ፣ ለቅሶና ሌላ ልማድ እየጻፉ በማኅበሩ ቡሌቲን ያወጡ ነበር። ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሄደ ልጅ አያቱን ጠይቆ ይመለሳል ማለት ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተጠቃለለ በኋላ፣ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ሆይናትስኪ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። አገሩን ለመሰብሰብ ድንቅ ሥራ ተሠርቷል። የግቢው የራሱ ኑሮ ግን ተራ ሆኖ ታየ መሰለኝ፤ የዕለት ተዕለት ነገር ምን ጊዜም እንዲህ ይታለፋል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪውም መምህሩም ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ፤ በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ አንድ በራሪ ወረቀት ሕይወት የሚያስከፍል ሆነ። እናቶች የልጆቻቸውን ሳጥን ከፍተው ያገኙትን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጨመሩ፣ ጓሮ ቀበሩ። ማንም አይፈርድባቸውም። ከዚያ የተረፈው ሁሉ የተረፈው አንድ ሰው ደፍሮ ስለደበቀው ነው።

ክፍተቱን በሰው አንደበት ለመሙላት የተደረገ ጥረት አለ። የኖርዌይዋ የታሪክ ተመራማሪ ራንዲ ባልስቪክ የቀድሞ ተማሪዎችን አነጋግራ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመችው መጽሐፍ እስካሁን ይጠቀሳል። የማኅበራዊ ጥናት መድረክም የተማሪዎቹን ንቅናቄ ተሳታፊዎች አንድ ላይ አስቀምጦ አወያይቶ፣ ውይይቱን በፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ አርታዒነት እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትሟል። እርስ በርስ የሚተራረሙ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲያወሩ የሚገኘው እውነት ብቻውን ከተቀመጠ ሰው ትዝታ የጠለቀ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የነበረው ዛሬ ሰማንያውን ተጠግቷል ወይም አልፏል። ለሁለተኛ ዙር የቀረው ጊዜ በጣም ጥቂት ነው።

ድምፅ የተቀዳበት የቴፕ ክርም እንደዚሁ ጊዜው እያለቀ ነው። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥሪ፣ ከ2025 በኋላ ብዙው የቴፕ ቅጂ እንደማይደመጥ አስጠንቅቀው ነበር። ምክንያቱ የክሩ መበላሸት ብቻ አይደለም፤ ማጫወቻው፣ መለዋወጫውና ማሽኑን የሚያውቀው ቴክኒሻን አብረው እየጠፉ ነው። ጥራቱን ጠብቆ የተገለበጠ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ ሁለት ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል፤ ይህ ዛሬ ከብዙ ሰው የእጅ ስልክ ባዶ ቦታ ያነሰ ነው። ስለዚህ ማስቀመጫ ውድ ነው የሚለው ሰበብ አያስኬድም። ውዱ ነገር ሰው ነው፦ ካሴቱን ሰዓት በሰዓት አዳምጦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስለ ምን እንደተናገረ የሚጽፍ ሰው። መግለጫ የሌለው ፋይል ከጠፋ ፋይል ብዙም አይለይም።

የዛሬው ትውልድስ? ሌክቸሩ በስልክ ይቀዳል፣ ሃንድአውቱ በቴሌግራም ይላካል፣ ተማሪው ሲመረቅ ግሩፑ ይዘጋል፣ ስልኩ ይቀየራል። ዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፎችን በዲጂታል ማከማቻው ማስቀመጡ የሚያስመሰግን ነው። ግን ከስድሳ ዓመት በፊት የነበረው ስሕተት በአዲስ መሣሪያ እየተደገመ ነው፤ ውጤቱ ይቀመጣል፣ ትምህርቱ ራሱ ይጠፋል። ጡረታ የሚወጣ መምህር የመጨረሻ ሴሚስተር ትምህርቱን፣ እሱና ተማሪዎቹ ሲፈቅዱ፣ መቅዳት ለአንድ ኮሌጅ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

የቀድሞ ተማሪዎች አንድ በአንድ ባረፉ ቁጥር ደግሞ አንድ ሳጥን ይከፈታል። ልጆች መጻሕፍቱን ይከፋፈላሉ፤ የተባዙትን ወረቀቶች፣ የክፍል ደብተሮቹን፣ ጀርባው ላይ ስም የተጻፈበትን የመኝታ ክፍል ፎቶ ግን ቆራሌው በኪሎ ይወስደዋል፤ ወይም ሱቅ ውስጥ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። ቤተሰቡን አልወቅስም፤ ወዴት ይውሰደው? ግቢው በር ላይ ሳጥኑን ተቀብሎ፣ የሰጪውን ስም መዝግቦ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ለመጠየቅም ስልክ የሚያነሳ አንድ ሠራተኛ ይቀመጥ። አንድ ክፍል፣ አንድ ስካነርና ደረቅ መደርደሪያ ይሰጠው። ሥራው ዘንድሮ ይጀመር።