በድመት ጠጉር የተላከከ የዓይን በሽታ

አንዲት ነፍሰ ጡር «ጠጉሯ ለጽንሱ አይሆንም» ተብላ ድመቷን ለጎረቤት ሰጠች። በዚያው ሳምንት ግን የጥሬ ዱለት አምሮቷን ተወጣች። ስለ ቶክሶፕላዝማ የሚወራው እንዲህ የተገለባበጠ ነው።

ቶክሶፕላዝማ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ ቱኒስ ላይ ጉንዲ በምትባል አይጥ መሰል እንስሳ አገኙት። እንደ ደጋን የጎበጠ ስለሆነ ስሙም ከግሪክኛው «ደጋን» ተወሰደ።

ዕዳው ሁሉ በድመት ጠጉር ላይ መላከኩ ያሳዝናል። ድመት ተሕዋሱን የምታገኘው አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ ነው። ከዚያ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል መሰል ዘሩን በዓይነ ምድሯ ትጥላለች፤ አብዛኛውን ጊዜም ይህ የሚሆነው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ነው። ትኩሱ ዓይነ ምድር ደግሞ አያስይዝም፤ ዘሩ እስኪበስል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ድመት ገላዋን ስትልስ የምትውል ፍጡር ናትና ጠጉሯ ላይ እስኪበስል የሚቆይበት ዕድል ጠባብ ነው። የምትጸዳዳበትን አሸዋ በየቀኑ ማውጣት ይበቃል፤ ነፍሰ ጡር ካለች ሌላ ሰው ያውጣው። የበሰለው ዘር ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል። ጓሮ ቆፍሮ እጅን ሳይታጠቡ መብላት፣ ሰላጣን ለቅለቅ አድርጎ ማቅረብ፣ ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። በካናዳዋ ቪክቶሪያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1995 የተነሣው ወረርሽኝ ከመጠጥ ውኃ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከተለዩት 100 ሰዎች ወደ 20 የሚጠጉት ዓይናቸው ተጎድቷል።

ሁለተኛው መንገድ ሥጋ ነው፤ በተለይ የበግና የፍየል። ከበግ ጨጓራና ጉበት የሚሠራው ዱለት ለብ ለብ ብቻ ሲደረግ ሥጋው ውስጥ በከረጢት የተሸሸገው ተሕዋስ አይሞትም። 67 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት መሐሉ ድረስ ሊገባ ይገባል።

አብዛኛው ሰው ሲያዝ ምንም አይሰማውም። ተሕዋሱ ግን ሬቲና ውስጥ፣ ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ አድፍጦ ከዓመታት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ዓይን ይደበዝዛል፤ ጥቁር ነጠብጣቦች ይንሳፈፋሉ። ሐኪሙ ሲመለከት ከአሮጌው ጠባሳ ጠርዝ አጠገብ ነጭ ቁስል ያያል፤ ዙሪያው ስለሚጨፈግግ በጉም ውስጥ የበራ የመኪና መብራት ይመስላል።

ይህን «አለርጂ ነው» ብሎ ጠብታ ገዝቶ መመለስ ጊዜ ያባክናል። ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ሳይያዝ በኮርቲዞን ብቻ መታከም ደግሞ ቁስሉን ያሰፋዋል። ጠባሳ እንዳለው የተነገረው ሰው አዲስ ነጠብጣብ ባየበት ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።