ደሜ ንጹህ ነው? የዘር ፍሬ ካንሰር ተረትና እውነታ

ይህ ካንሰር ሽማግሌ አይመርጥም፤ በብዛት የሚይዘው ከ15 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጎልማሳ ነው። በጊዜ ተደርሶበት ተገቢውን ሕክምና ካገኘ ግን ከ100 ታማሚ ከ90 በላይ ይድናል። የሚያዘገየው ሐፍረትና የተሳሳተ እምነት ነው።

ተረት፦ «ፈረስ ጥሎኝ ነው ያበጠው።»
እውነታ፦ በአገው ፈረሰኞች አገር፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ እንዲህ ቢባል አያስገርምም። ምት ግን ካንሰር አያመጣም፤ የተመታው ሰው ሲዳስስ ቀድሞ የነበረውን እብጠት ያገኘዋል። አደጋውን የሚጨምረው በልጅነት ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ የቀረ የዘር ፍሬ ነው።

ተረት፦ «ስለማያመኝ ቡአ ነው።»
እውነታ፦ ይህ ካንሰር ብዙውን ጊዜ አያምም። ፍሬው ላይ ጠጣር እብጠት ከተዳሰሰ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

ተረት፦ «የደም ውጤቴ ደህና ነው፤ ካንሰር የለብኝም።»
እውነታ፦ በደም የሚለኩት የዚህ ካንሰር ጠቋሚዎች ኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂና ኤልዲኤች ናቸው። ሴሚኖማ የተባለው ዓይነት ኤኤፍፒ አያመነጭም፤ ኤችሲጂም የሚጨምረው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። የእርግዝና መመርመሪያም የሚፈልገው ኤችሲጂን ስለሆነ፣ በወንድ ላይ «የለም» ቢል ዋስትና አይሆንም።

ተረት፦ «ቁጥሩ ከፍ ካለ ካንሰር ነው።»
እውነታ፦ ኤኤፍፒን እንደ ሄፓታይተስ ያለ የጉበት ሕመምም ከፍ ያደርገዋል። ኤልዲኤች ደግሞ በብዙ በሽታ ይጨምራል፤ ናሙናው ሲጓጓዝ ቀይ የደም ሴሎች ቢፈነዱ እንኳ ከፍ ይላል።

ተረት፦ «ፍሬው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የደም ምርመራ ምን ያደርጋል?»
እውነታ፦ ዋናው ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው። ዕጢው ተጠርጎ ከወጣ ኤችሲጂ በ1 ወይም በ2 ቀን፣ ኤኤፍፒ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳሉ። በዚህ ፍጥነት ካልወረዱ ካንሰሩ ሌላ ቦታ ቀርቶ ይሆናል፤ ወርደው እንደገና ከወጡ ማገርሸቱን በምስል ከመታየቱ በፊት ሊጠቁሙ ይችላሉ። ለማነጻጸሪያ እንዲሆን የመጀመሪያው ደም ከቀዶ ሕክምናው በፊት መቀዳት አለበት።

ስለዚህ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ወዳለችው ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈለት ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ደሜ ተቀድቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። እያንዳንዱን ውጤት ከነቀኑ ያስቀምጥ፤ ቢቻል ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ይመርመር።