የአባት ብስክሌትና የውድ ብስክሌት ምኞት

ምናልባት ከመካከላችሁ ለዕረፍት ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ሄዶ፥ አባቱ ወደ መሥሪያ ቤት ይመላለሱበት የነበረውን ብስክሌት በጓዳ ጥግ አቧራ ለብሶ ያገኘው ሰው ይኖራል። እጁን በመሪው ላይ ባኖረ ጊዜ፥ በልጅነቱ ከኋላ በዕቃ መጫኛው ላይ ተቀምጦ የአባቱን ካፖርት ጨብጦ የሄደበት መንገድ ትዝ ይለዋል። ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ግን አንድ ባልንጀራው የጣልያን የእሽቅድምድም ብስክሌት ፎቶግራፍ አሳይቶ፥ «አሮጌ ብስክሌት ማለት እንዲህ ያለው ነው እንጂ የአንተስ ቁርጥራጭ ብረት ነው» ይለዋል። እንግዲህ ገንዘቡን በየትኛው ላይ ያውለው? መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ናፍቆትንና ምኞትን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብስክሌት የዛሬውን መልኩን የያዘው እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 ከሠራው በኋላ ነው። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ አየር የሚሞላውን ጐማ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ሁለት መንገድ ያዘ። አንደኛው የሥራ ብስክሌት ነው፤ ይኸውም ብረቱ ወፍራም፥ ፍሬኑ በዘንግ የሚሳብ፥ ነጂው ቀና ብሎ የሚቀመጥበት፥ ጭነትና ኰረኰንች የሚችል ነው። ሁለተኛው የእሽቅድምድም ብስክሌት ሲሆን ዋናው ነገሩ ቅለት ነው። ሬይኖልድስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው 531 የሚባለው ቱቦ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ጫፍና ጫፉ ወፍሮ መካከሉ ይሳሳል። ኀይል የሚበረታው በመጋጠሚያው ላይ ስለ ሆነ፥ ጥንካሬው ሳይጓደል ክብደቱ ይቀንሳል። ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚጨምሩት ለዚህ ዓይነቱ ጥበብ ነው።

ይህ ምኞት ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ፥ ገረመው ደንቦባና ባልንጀሮቹ በብስክሌት ተወዳድረውላታል።

በጣልያን አገር በጋዮሌ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚደረገው፥ ሌሮይካ የተባለው ጕዞ ደግሞ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ከ1987 ወዲህ የተሠራ የእሽቅድምድም ብስክሌት፥ የጥንቱን መልክ ካልያዘ በቀር፥ አይገባበትም፤ ነገር ግን የገባው ሁሉ፥ ውዱም ርካሹም፥ በነጩ የጠጠር መንገድ ላይ አቧራ ይጠጣል። በዚያ ስፍራ ብስክሌት የሚከበረው ሲነዳ እንጂ በመስታወት ውስጥ ሲቀመጥ አይደለም።

ስለዚህ የአባታችሁን ብስክሌት ስታሳድሱ፥ በብረቱ መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅ እንዳይኖር አስቀድማችሁ መርምሩ፤ ስንጥቅ ከሌለው ጐማውን፥ ካመራዳሪያውን፥ የፍሬኑን ላስቲክና ካቴናውን ለውጡ። ቀለሙን ግን አትፋቁት፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም፥ ትዝታውም ያለው በዚያ ጭረት ላይ ነውና። ውድ የሆነውን የምትሹ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለቁመታችሁ ይስማማልን? መለዋወጫው ይገኛልን? ቀጭኑ ጐማስ ከጂጋ ወደ ገጠሩ የሚወስደውን ጠጠር ይችላልን? ግዢው ከልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ላይ የሚቀነስ ከሆነ ግን፥ ያ ምኞት መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ሆኗል።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ስሙ የገነነ ብስክሌትም ለባለቤቱ ስም አያወጣለትም። የአባት ብስክሌትም ቢሆን በጓዳ ተዘግቶ ከዛገ፥ ናፍቆቱ ከዝገት አያድነውም። እንግዲህ አሳድሱት፤ አባታችሁም በሕይወት ካሉ በፊታቸው አቁማችሁ ደወሉን ምቱላቸው። ከዚያም በማለዳ ተነሥታችሁ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ ንዱት።