ከኢንሱሊን መርፌ የሚያላቅቀው ሕክምና ከምን ደረሰ?

ለሸመታ ከክልል ተነሥቶ መርካቶ ሰባተኛ የሚዘልቅ የኢንሱሊን ተጠቃሚ ከገንዘቡ እኩል የሚጠብቃት ነገር አለች፤ መድኃኒቱን የያዘች ትንሽ ቦርሳ። ሙቀት እንዳያበላሽበት ከፀሐይ ይከልላታል። «በስቴም ሴል ሕክምና ከመርፌ የተገላገሉ ሰዎች አሉ» የሚል ወሬ ሲሰማ ልቡ ቢነሣሣ አይደንቅም። ወሬው እውነትነት አለው፤ ሆኖም ገና ያላለቀ ሥራ ነው።

ዓይነት አንድ በሚባለው የስኳር ሕመም የሰውነት የመከላከል አቅም ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያጠፋል። ኢንሱሊን ለታማሚ በመርፌ መሰጠት ከጀመረበት ከ1914 ዓ.ም ወዲህ ሕክምናው የጎደለውን ከውጭ መተካት ሆኖ ቆይቷል። አዲሱ ጥረት አመንጪዎቹን ሕዋሳት ራሳቸውን መመለስ ነው።

ስቴም ሴል ሥራው ገና ያልተለየ ሕዋስ ነው። ከሙዝ ተክል ከተወሰደ ቅንጣት በቤተ ሙከራ በርካታ ችግኝ እንደሚባዛ ሁሉ፣ ተመራማሪዎች ስቴም ሴልን አባዝተው ኢንሱሊን አመንጪ እንዲሆን ያሳድጉታል። ከዚያም ወደ ጉበት በሚወስድ የደም ሥር በኩል ለታማሚው ይሰጡታል።

የአሜሪካው ቨርቴክስ ኩባንያ ያካሄደውና ውጤቱ በሰኔ 2017 ዓ.ም የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ሙሉውን መጠን ከወሰዱ 12 ሰዎች መካከል 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አላስፈለጋቸውም።

ችግሩ ያለው ከዚህ ላይ ነው። ሰብሉን ያጠፋው ተባይ ከማሳው ሳይወጣ ዘር ቢደገም አዲሱም ቡቃያ ይበላል። ስለዚህ ታካሚዎቹ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ወገኖችም ይህን መሰል መድኃኒት ይወስዳሉ። መድኃኒቱ ሰውነትን ለሌላ በሽታ ያጋልጣል። በጥናቱ ሕዋሳቱን ከወሰዱት 14 ሰዎች ሁለቱ ሕይወታቸው ያለፈ ሲሆን፣ አንደኛው የሞተው በአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ነው።

በመሆኑም «ስቴም ሴል ነው» ተብሎ የሚሸጥ እንክብል ወይም ፈሳሽ ከዚህ ሕክምና ጋር አይገናኝም። ተስፋውን ሰምቶ ኢንሱሊን ማቋረጥም ለሞት ያደርሳል፤ ብርቱ ጥም፣ ማስመለስና የትንፋሽ መፍጠን ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ የሌለው አርሶ አደር መድኃኒቱን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ሊያቆየው ይችላል። አዲሱ ሕክምና እስኪደርስ ሕይወት የሚያቆየው ያችው ትንሽ ቦርሳ ናት።