የቤታችን ካሜራ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ወደ ሰው ቤት ከመግባት በፊት ፈቃድ መጠየቅና ሰላምታ ማቅረብ ከልጅነታችን የተማርነው አደብ ነው። ዛሬ ግን በየሳሎኑ የሚሰቀለው ትንሽ ካሜራ፣ በቅጡ ካልተዘጋጀ፣ ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ሊያመጣብን ይችላል። ጥቅሙን አንክድም። ሕፃኗን ለሞግዚት ትታ ሥራ የምትውል እናት በስልኳ ልጇን ማየቷ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ያለ ልጅም የወላጆቹን ደጃፍ መቃኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄያችን፣ ከእነርሱ ሌላ ማን ያያል? የሚል ነው።

ስጋቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለ አጥፊ ፕሮግራም፣ ከፋብሪካ በወጡበት የይለፍ ቃል የሚሠሩ ካሜራዎችንና መሰል ዕቃዎችን በየአገሩ እያደነ በቁጥጥሩ ሥር አውሏል። ዘዴው ረቂቅ አልነበረም፤ 60 ያህል የተለመዱ የመለያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን እየቀያየሩ መሞከር ብቻ! በ2019 ደግሞ በአሜሪካ ሚሲሲፒ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በልጆች መኝታ ክፍል በተሰቀለ «ሪንግ» ካሜራ በኩል የ8 ዓመት ልጅ አነጋግሯል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በ2023 የዚሁ ኩባንያ ሠራተኞች የደንበኞችን የግል ቪዲዮ ይመለከቱ እንደነበር ገልጾ ክስ አቅርቧል፤ ጉዳዩም በ5.8 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ተቋጭቷል።

ወደ እኛ ሠፈር ስንመጣ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የአገጣጠም ልማዳችን ነው። ካሜራው ከመርካቶ ይገዛል፣ ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው አንዳንዴ ሥራውን ለማፋጠን ሲል በራሱ ስልክና በራሱ አካውንት ከፍቶ፣ ለባለቤቱ «ሼር» አድርጎለት ይሄዳል። እንዲህ ያሉት ካሜራዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዋና ባለቤት ብለው የሚያውቁት መጀመሪያ የመዘገባቸውን አካውንት ነው። ገንዘቡን የከፈለው አባወራ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ ማለት አይደለምን? ባለሙያው የታመነ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በማንም ላይ ክፉ ጥርጣሬ እንዲያድር አንሻም። ነገር ግን ስልኩ ቢሰረቅስ? ለሌላ ቢሸጠውስ?

ስለዚህ ባለሙያው ገመዱን ይዘርጋ፣ ካሜራውን ይስቀል፤ ምዝገባው ግን በቤቱ ሰው ስልክና አካውንት ይሁን። ቀድሞ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ከሆነ «ሪሴት» የሚለውን ቁልፍ መጫን ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ያ ሰው መጀመሪያ ከራሱ አካውንት ሊሰርዘው ይገባል። የይለፍ ቃሉ ረዘም ያለና ለፌስቡክም ሆነ ለኢሜይል ያልዋለ ይሁን፤ ከአንድ ቦታ የተሰረቀን የይለፍ ቃል በሌላው ላይ መሞከር የሌቦች የዘወትር ሥራ ነውና። በስልክ ኮድ የሚያረጋግጠው ሁለተኛው መቆለፊያ ካለ ይከፈት፤ ኮዱም ለማንም አይነገር። የዋይፋዩ ሳጥን ከታች ተለጥፎ የመጣው የይለፍ ቃልም መቀየር አለበት። ካሜራው ማሻሻያ መጥቷል ሲል «በኋላ» እያሉ ማለፍ ደግሞ የታወቀውን ቀዳዳ ክፍት እንደ መተው ነው።

የሚሰቀልበትን ቦታ በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለን። መኝታ ክፍል ፈጽሞ አይገባም። ሳሎንም ቢሆን እናቶችና እህቶች ሒጃባቸውን አውልቀው የሚያርፉበት ስፍራ ነው፤ ዓይኑ ወደ መግቢያው በር ይዙር፣ ቤተሰቡ ቤት ሲውል ይጥፋ። ብዙዎቹ ካሜራዎች ድምፅም ስለሚቀዱ ማይክሮፎኑን መዝጋት አይዘንጋ። የጎረቤት በርና መስኮት በምስሉ ውስጥ እንዳይገባ ማስተካከልም የጉርብትና ሐቅ ነው። ሞግዚቷም ካሜራ መኖሩን ትወቅ፤ እርሷም የራሷ ክብር አላት።

ካሜራው ለዘመድ ሲሰጥ ወይም ሲሸጥ ደግሞ በውስጡ ያለችው ሚሞሪ ካርድ ትውጣ። የወራት የቤት ገመና ያለው በእርሷ ላይ ሊሆን ይችላል።